አስተናግርና በርበሬ ስንት ቤት ናቸው?

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በአንድ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ታፈሰ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ ሁለት አበባ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። አንዱ የበርበሬ፣ ሌላው በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው መርዘኛ አረም፣ የአስተናግር።

"ሰንጥቀህ እያቸው። ዘመድ ናቸው ባዳ?"

የበርበሬው ከጥፍር አይበልጥ፣ የአስተናግሩ መለከት ይመስላል። "ባዳ" አልሁ። ስሰነጥቃቸው ግን የሁለቱም የአበባ ቅጠሎች ከሥር ገጥመዋል፤ የወንዴ ዘንጎቹም እላያቸው ላይ ተጣብቀዋል።

"ድንችም፣ ቲማቲምም፣ እምቧይም ከዚሁ ዘር ናቸው። አያታቸው አንድ ነው፤ በየዘመኑ ጎጆ እየወጡ ተለያዩ" አሉኝ።

በዚያው ክረምት እመት ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ከሐይቁ ዳር መጡ። የበርበሬያቸው ቅጠል ተዥጎርጉሮ ተጨማድዷል። አምናም እንዲሁ ሆኖባቸው ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር "ዘንድሮም ካልያዘ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል" ብሏቸዋል።

ሄደን አየን። ማሳው ተኮትኩቶ አንዲት አረም የለበትም። ከጎኑ ባለው የቆሎ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ግን አስተናግር ተንሰራፍቷል፤ እሱም ተዥጎርጉሯል። ማንም አይነካውም። ተማሪዎቹ ትምህርት እንዲገባቸው የሚጠጡት አብሾ የሚቀመመው ከእሱ ነው።

አቶ ታፈሰ ለመምህሩ ለመሪጌታ ይባቤ አስረዱ፦ "ክሽክሽ የምትባል ትንሽ ተባይ ከዚህ ጠጥታ በሽታውን በርበሬው ላይ ታጋባለች። ዘመዳሞች ናቸውና ይጋባቸዋል።"

መሪጌታ ሳቁ። "ሰባት ቤት ሳይቆጠር ዘመድ ናቸው ይባላል እንዴ?"

"እንቁጠር እንጂ!" አሉ አለቃዬ፤ ከሁለቱም አበባ ቀጥፈው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሰነጠቁ። ፍሬው ላይ ሲደርሱ ሙግቱ ጠና።

"ይህ እሾሃም፣ ያ ለስላሳ። ተለያዩ!"

"ጎጆ ሲወጡ ነው የተለያዩ። የመጡትም ሁለቱም ከባሕር ማዶ ነው።"

"በርበሬም መጤ?" መሪጌታ ደነገጡ። አበባዎቹን እያገላበጡ በጣታቸው ቆጠሩና "ሦስት ቤት ቢሆኑ ነው። ቢጋቡ አፋታቸው ነበር" አሉ።

ከዚያም ተነሥተው በእጃቸው ይነቅሉት ጀመር። "ለአብሾ ብዬ የሴትዮዋን ጉሮሮ አልዘጋም።"

የታመመውን በርበሬ ነቅለን ጤነኛ ችግኝ ተከልን። ጥር ላይ ማሳው ቀላ፤ መሬቱም በእመት ጥሩነሽ እጅ ቀረ።

አቶ ታፈሰን ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ማዘዝ በሚቀልበት ዘመን ሣር ላይ ተቀምጠው ዘር ቆጠሩ።

ለጀማሪ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሰብል ሲታመም ማሳውን ብቻ አትዩ። ዘመዶቹን ፈልጉ፤ ከጎረቤታችሁ ጋርም ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ።