የመቂው ቅጠልና የአባቴ ልብ

ትናንት አዳማ መናኸሪያ፣ የቢሾፍቱ ሚኒባስ እስኪሞላ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሻጭ አረንጓዴ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዞ ገባ። «ለልብ! ለድካም! ዩኒቨርሲቲ ያረጋገጠው!» ሽታውን አወቅሁት።

የመመረቂያ ጥናቴ በቅጠሎች ላይ ነበር። በሰውነታችን የደም ሥር እንዲጠብ የሚያደርግ ኢንዛይም አለ፤ ለደከመ ልብ ሸክም ይሆንበታል። ልቡ የደከመው አባቴ የሚውጠው ኪኒን ሥራው ይህንኑ ኢንዛይም መግታት ነው። የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ከድር፣ የመቂ የቲማቲም ደላላ፣ ከአጥራቸው የቆረጡልኝ ቅጠልም በመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ኢንዛይሙን ገታው። ደስ ብሎኝ ውጤቱን ለአባቴ ብቻ ነገርኩት። እሱ ግን ለሰሚው ሁሉ አወራው።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ቅጠሉን ቀቅለው በጀሪካን፣ ከአንድ ሣጥን ቲማቲም ጋር ይዘው ቤታችን መጡ። ነፋሱ አቧራውን በበሩ ያስገባል። አባቴ ያበጠ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል።

«አከም ጅርታ፣ ደምሴ! የልጅህን መድኃኒት አመጣሁልህ።»

«ታዲያ ኪኒኑን ምን ላድርገው?» አለ አባቴ፣ ብርጭቆውን እየተቀበለ።

«ለዶሮ በትነው!»

ተሳሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቱቦ ኩላሊት የለውም፤ ቅጠሉ የሰውን ኩላሊት ይጉዳ አይጉዳ አያሳይም። ቅጠሉ ብቻውን ይበቃ እንደሆን፣ ከኪኒኑ ጋር ሲደረብም የደም ግፊቱን ምን ያህል እንደሚጥለው አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ አትጠጣው።»

«ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ጠያቂ ያመጣው ሳይቀመስ አይመለስም፤» አለ አባቴ፣ ወደ አፉ እያስጠጋ።

ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቄ ደጅ ደፋሁት። ሐጂ የቀረበላቸውን ሳምቡሳ ሳይነኩ ተነሡ።

«ከመቂ ድረስ በመጣ ሰው ፊት!» አለኝ አባቴ። ቲማቲሙን የነካው አልነበረም፤ ጥግ ላይ ለስልሶ ውሃው ወለሉ ላይ እስኪወርድ ተቀመጠ።

ሐጂም ዳግመኛ አልመጡም። ጥናቱ በኬሚካል እጦት ቆመ፤ ቅጠሉ መድኃኒት ይሁን መርዝ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ሰው አስቀይሜ የደፋሁት ደግ ነገር ነበር። አባቴ እስካሁን ኪኒኑን ሲውጥ ፊቱን ያዞርብኛል። ግን ይውጣል።

ሻጩ «ዩኒቨርሲቲ» ሲል፣ ያቺ ለአባቴ ያወራኋት ወሬ ከቤታችን ወጥታ ስንት መናኸሪያ እንደዞረች አሰብኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እግራቸው ያበጠ እናት አንድ ጠርሙስ ገዙ።

«እማማ፣ የልብ ኪኒን ይወስዳሉ?»

«እወስድ ነበር፤» አሉኝ፣ ክዳኑን እየፈቱ።

እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ።