የአምባሳደሯ ደብዳቤ

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልታጠና ነው ሲባል ልብስ ሰፊው አባቷ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ሾማት፤ አምባሳደሯ አላት። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ስትውል እንኳ «አምባሳደሯ፣ ዛሬ ከማን ጋር ታረቅን?» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም «ገና ከእማዬ ጋር ድርድር ላይ ነን» ትለዋለች።

አብረዋት የተመረቁት የትም ተበትነዋል። አንዱ እርዳታ ድርጅት ገባ፤ አንዷ ታስተምራለች፤ በክርክር ክፍሉን ጸጥ ታሰኝ የነበረችው ጎበዝ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ትሸጣለች። አምባሳደሯ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ሰፈሩ ሁሉ በማግስቱ ኤምባሲ የምትላክ መሰለው። የደረሳት ግን መስኮቱ የማይከፈት አንድ ክፍል ነው። ሥራዋም ሰው አገር ሄደው የሚታመሙ፣ የሚታሰሩና የሚሞቱ ዜጎችን ጉዳይ መከታተል።

እዚያ አንድ ነገር ተካነች፦ ለኤምባሲዎች የሚጻፈውን ደብዳቤ። አጀማመሩ አይለወጥም። መሥሪያ ቤቱ በቅድሚያ ሰላምታውን ያቀርባል፤ ከዚያ «የሚከተለውን ለማሳወቅ ክብር ይሰማዋል»። መንግሥታቱ ጉሮሮ ለጉሮሮ ተናንቀው እንኳ ክብር ይሰማዋል! ለሟች ቤተሰብ የሚጻፈው ግን ሌላ ነው፤ አጭር ነው፣ በሐዘን ይጀምራል። አንድ ሰኞ አምባሳደሯ ለኤምባሲዎች አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፋ ስታበቃ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ አሥራ ሁለተኛውን ለአንዲት እናት ጻፈች። እጇ የለመደውን ጻፈ። አለቃዋም ሳያነብ ፈረመበት።

እናትየው በሳምንቱ መጡ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ይዘውታል። አለቃው ፊት ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ናት። ‹ስለ ልጅዎ የሚከተለውን ለማሳወቅ ክብር ይሰማዋል› ስትለኝ የምስራች መሰለኝ። ተነስቼ አቀፍኳት። ሳቅሁ እኮ! በልጄ መርዶ ላይ ሳቅሁ።»

ጎን ካለው ጠረጴዛ የምትሰማው አምባሳደሯ የጻፈችውን ደብዳቤ አወቀችው። ስሟ ደብዳቤው ላይ የለም፤ ዝም ካለች ነገሩ እዚያው ያበቃል። አለቃውም በዓይኑ ዝም በይ አላት። «የመሥሪያ ቤቱ ስህተት ነው፣ እናቴ። ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። እናትየው ራሳቸውን ነቅንቀው ለመሄድ ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ አምባሳደሯን አላስቻላትም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ዞረው አዩዋት።

«ሰው ነው የጻፈው?» አሉ። «እኔ እኮ ማሽን መስሎኝ ትቼው ነበር።»

አምባሳደሯ አራት ዓመት ስለ ድርድር ተምራ፣ ለአንዲት እናት የምትለው አንድ ቃል አጣች። አፍራለች፤ በጣም አፍራለች። እናትየው ግን ተመልሰው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ አንቺው ንገሪኝ። እንዴት እንደሞተችብኝ እስካሁን ቁጭ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።»

አምባሳደሯ ፋይሉን ከመሳቢያ አወጣች። ያንን ደብዳቤ ስትጽፍ የልጅቷን ስም ከሽፋኑ ላይ ገልብጣ ነበር እንጂ ውስጡን አላየችውም። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና፣ እሷም ከእናትየው እኩል ገና እየሰማችው፣ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች።