ካራ

ቆርቆሮ ላይ ሚስማር ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አጥሩን ሲቀጠቅጥ መስኮቴን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። አንተ ደግሞ ሰዓት መርጠህ ደወልክና "የድሮ ሰፈር እኮ ፍቅር ነበረው" አልከኝ። የማን ሰፈር? ጭሮ ያደግሁበትን ሰፈር አላየኸውማ!

ልንገርህ እንግዲህ። ከአስፋልቱ ጎን እንደ አባቴ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ይኖራሉ። ከኋላችን፣ ዳገቱ ላይ፣ የመሬቱ የድሮ ባለቤቶች አሉ። በግራ በኩል ጎርፍ የቦረቦረው ገደል። ቦታው በሙሉ የማሽላ ማሳ ነበር፤ የአንዲት ጫት ሻጭ አማት ማሳ። ተሸንሽኖ ለሠራተኛ ሲታደል፣ ለጫት ሻጯ የቀረላት ከእኛ ጀርባ ያለችው ቤቷና በግቢያችን ጠርዝ ወደ አስፋልቱ የምትወርድ ቀጭን መንገድ ብቻ ናት። መንገዷ ከሰፈሩ በፊት የነበረች ናት።

ወላጆቼ ቢሮ ሲውሉ እኔ የምውለው እሷ ዘንድ ነበር። እንደ ልጆቿ "አዮ" እላታለሁ፤ እናቴ ማለት ነው፤ እሷም የምታናግረኝ በኦሮምኛ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫቷን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስትወርድ የቅጠሉ ሽታ ግቢያችንን ይሞላው ነበር። ጫት የጫነው የገለምሶ መኪና ሳይመጣ አስፋልቱ ጋ ካልደረሰች የእሷን ጫት ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ቆርቆሮ አመጣና መንገዷን ጠረቀመው። "በጫት ገራባ ግቢዬን አቆሸሸችው" አለ። ውሸቱን ነው! እሷ አማርኛዋ ስለማይሞላላት "አንተ" ስትለው ያንገበግበው ነበር፤ የናቀችው መስሎት ነው።

አዮ ጫቷን እንደተሸከመች መጣችና ቆርቆሮውን በመዳፏ ደበደበችው። እኔ ከወዲህ በኩል አጠገቡ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ "ካራ ኮ! ካራ ኮ!" አለች፤ መንገዴን፣ መንገዴን ማለቷ ነው። ቀጥላ አባቴ እንዲገባው በምትችለው አማርኛ ጮኸች።

"ስማ አንተ! ዛሬ እዚህ ጋ ካራ አወጣለሁ!"

አባቴ ከቤት ሲወጣ የሰማው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። በእሱ አማርኛ ደግሞ ካራ ትልቅ ቢላዋ ነው።

"ካራ ልታወጣብኝ! ሰው የለም ወይ!" ብሎ ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆመው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ። መንገዱ የቆየ ነውና ይከፈትላት ለማለት ተቃርበው ነበር፤ አባቴ ግን የካራውን ነገር አነሳ። አዮ "ወላሂ፣ መንገድ ነው ያልኩት!" አለች። ሽማግሌዎቹ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የቸገራቸው እሷ በየትኛው እንዳለችው ነው። አንደኛው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ ሁለቱንም ትሰሚያለሽ፣ እዚያም ነበርሽ። ካራ ያለችው በኦሮምኛ ነው በአማርኛ?"

አባቴን አየሁት። አልተቆጣኝም፣ አልጠቀሰኝም፤ እሱን ሰበብ ማድረግ አልችልም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያፍር ማየት ስላልፈለግሁ ነው።

"በአማርኛ" አልኩ።

አዮ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ሽማግሌዎቹም "ለሰላም ሲባል አጥሩ ባለበት ይቆይ" ብለው ተበተኑ።

ከዚያ ወዲያ በገደሉ ዞራ ትወርድ ጀመር። ክረምት ሲገባ ጭቃው አላስኬድ ይላታል፤ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ጫቱ ጠውልጓል፣ የገለምሶ መኪናም ቀድሟታል። ዓመት ሳይሞላ መሸጡን ተወች። አባቴ በመንገዷ ላይ ጎመን ተከለ። ጎመን! ያንን ጎመን በልቻለሁ፤ አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር።

አምና ጭሮ ሄጄ ነበር። ቤታችንን የገዛው ሰው በመንገዷ ላይ ሳሎን ሠርቶበታል፤ የሚከፈት ነገር የለም። አዮ በጣም አርጅታ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። እጇን ስሜ፣ በኦሮምኛ፣ ያን ቀን መዋሸቴን ነገርኳት። መንገድ እንዳለች አውቅ እንደነበር፣ "ካራ ኮ" ስትል እንደሰማኋት፣ ሁሉንም።

"አውቃለሁ" አለችኝ በአማርኛ። "ኦሮምኛ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?"

ይቅርታ በኦሮምኛ በሚባልበት መንገድ ሁሉ ጠየቅኳት። እሷ ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ልጅ ልጇ ዞር ብላ በኦሮምኛ፣ ለእንግዳዋ ሻይ አምጪላት አለቻት። እኔን ግን እስክወጣ ድረስ ያናገረችኝ በአማርኛ ነው።