የትንሹ መስፍን ቀሚስ

ከአገር ወጥቼ በምኖርበት ኢስት ዮርክ ጎረቤቴ የሆነው ዳንኤል፣ የአራት ዓመት ልጁ ናታን በትምህርት ቤት ትርዒት ላይ የሕዳሴ ዘመን የአውሮፓ መስፍን ስለሚሆን ልብስ እንድሰፋለት ለመነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ እዚህ አገር ግን ምን እንዳነበብኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንግዲያው ይዩልኝ ብዬ እንደ ዘመኑ ወግ ሰፋሁት፦ ቀይ ከፋይ፣ የተነፋ እጅጌ፣ የተሸበሸበ ሰፊ ነጭ አንገትጌ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ።

በትርዒቱ ዋዜማ ቤታቸው ሄጄ አለበስኩት። ናታን ሳሎኑ መሀል ሲሽከረከር አባቱ ከሥራ ገባ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሱሪው የታለ?»

«የዚያን ዘመን የመኳንንት ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት እስኪሆነው ሱሪ አያውቅም።»

«ታዲያ ወንድ ልጄ በቀሚስ ወጥቶ ይሳቅበት? በቃ፣ ነገ አይሄድም!»

«ዳዲ፣ አይ ላይክ ኢት!» አለ ናታን አንገትጌውን ጭምድድ አድርጎ ይዞ። እንባው ቀረረ።

ማስረጃ እንዲሆነኝ የያዝኩትን መጽሐፍ ልገልጥ ስል፣ ከጎንደር ለጥየቃ የመጡት የዳንኤል እናት ከሶፋው ላይ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«አንተ! ከአንተ በፊት ሁለት ወንዶች ሞተውብኝ፣ ሞት ሴት መስለኸው እንዲያልፍህ እስከ አምስት ዓመትህ በቀሚስ አይደል ያሳደግኩህ? ጆሮህ የተበሳው ለምን ይመስልሃል?»

ዳንኤል እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ልጁን አየ፣ ቀሚሱን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እማዬ፣ ያምርብኝ ነበር?»