ከአዲስ አበባ ጎባ በአባቴ በቅሎ

አምና ከጎባ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ የአየሩን ርቀትና የሚፈጀውን ሰዓት ሊያስረዳኝ ሞከረ። እኔን። በዚህ መንገድ ርቀት ሰበብ አባቴ በቁሙ ሊለቀስለት ሲል ያስጣልኩ ሰው ነኝ። ታሪኩን ጀመርኩለት፤ ግን አባቴ ወቤ ወንዝ ሳይደርስ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ አረፈ። እናንተ ጊዜ ካላችሁ ልጨርሰው።

ወላጆቻችን ከሰሜን መጥተው ጎባ ላይ ጎጆ ከቀለሱ ብዙም አልቆየም። አባቴ በመሬት ክርክር አዲስ አበባ ችሎት ሄዷል። እኔ ገና አዲስ ያገባሁ ጎረምሳ ነኝ፤ ሆኖም ፊደሉንም የበዓላት አቆጣጠሩንም ያለ መምህር በራሴ ጭንቅላት ተምሬ ጨርሻለሁ።

ክረምቱ እንደገባ አንድ የጎሮ ነጋዴ በደጃችን ሲያልፍ «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና አባቴ በሰላም ገብቶ እንደሆነ ጠየቀ። ለካ ከአዲስ አበባ አብረው ነው የወጡት፤ መንገድ ላይ ተለያዩ እንጂ። ነጋዴው ከእኛ አልፎ ጎሮ ደርሶ፣ ሰንብቶ፣ ለሌላ ገበያ መመለሱ ነበር። የእናቴ ወንፊት ከእጇ ወደቀ።

አጎቴ ወቤ ሞልቶ ሰው እየወሰደ መሆኑን ሰምቶ ስለነበር ለቅሶ ይደረግ አለ። ለሞተ ሰው ሳያለቅሱ መቆየት ነውር ነው። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ግን ሟርት ነው፤ እናቴ ፀጉሯን ከተላጨች ባሏን በገዛ እጇ ወደ ሞት የጠራች ያህል ትቆጥረዋለች።

የሁሉም ስህተት አባቴን በነጋዴው እግር መለካታቸው ነበር። የነጋዴው አህዮች እሑድም ይሄዳሉ። አባቴ ግን በሰንበት በቅሎ አይጭንም፤ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም ቀን ባገኘው ደብር አጠገብ ይውላል። በዓላቱን ቆጠርኩ፤ ወቤ እስኪጎድል የሚጠብቅበትንም ጨመርኩ።

«ጋሼ፣ እስከ ማርያም ማግስት ይታገሡኝ» አልኩት አጎቴን።

«ውሃ የወሰደውን ሰው በጣትህ ቆጥረህ ልታወጣው ነው?» አለኝ።

እናቴ ቀኑን ብትስትስ አለችኝ። አልስትም አልኳት። ቢሆንም ስሌቱን ደጋግሜ ቆጠርኩት።

በማርያም ማግስት ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን ሞላው። አጎቴ ምላጩን ድንጋይ ላይ ሳለ። ጉም ከተራራው ወርዶ አባቴ የሚመጣበትን የሮቤን መንገድ ሸፈነው፤ ፀሐይም አዘቀዘቀች። ማንም አልመጣም። ሰው እኔን ማየት ተወ። እናቴ ወገቧን በነጠላዋ አሥራ ተቀመጠች፤ አጎቴም ፀጉሯን በውሃ ማራስ ጀመረ።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማን። አባቴ የነጠላውን አለባበስ በጉሙ መሃል አይቶ፣ ከበቅሎው ወርዶ፣ እንደ ደንቡ «ወዮ ወዮ» እያለ እየገባ ነው። እናቴ አጠገብ ሲደርስ ደረቱን እየመታ «ማን ነው የሞተብን?» አላት።

እናቴ ከረጠበው ፀጉሯ ሥር ቀና ብላ አየችው።

«አንተ» አለችው።