በሩ ያላሳለፋት ንግሥት

የቱንቢ ሚስት የራሷ ስም አላት፤ የሚጠራት ግን የለም። ባሏ ግንበኛ ነው። የገነባው ግድግዳ ጣት ታህል አይንጋደድምና ጓደኞቹ ግድግዳ በሚለኩበት ገመድ ስም «ቱንቢ» አሉት፤ እሷም የቱንቢ ሚስት ሆና ቀረች። ሃያ ስድስት ዓመት በመዋዕለ ሕፃናት ጽዳት ሠርታለች። የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ኖረች እንጂ የራሷን አልወለደችም፤ ይህንንም ቱንቢ በተናደደ ቁጥር ያስታውሳታል።

ቱንቢ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ወንድ ደግሞ አያድርስ ነው። ጨው በዛ፣ በር ተንኳኳ፣ ለምን ትስያለሽ እያለ ቁም ስቅሏን ሲያሳያት ሰነበተ። አንድ ቀን ከሥራ ቦታዋ ሊጣል የነበረ አንድ ጆንያ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ ተሸክማ መጣችና እግሩ ሥር ዘረገፈችው።

«እስቲ ይኼን ገንባና አፍህን አሳርፍልኝ» አለችው።

ሰደባት። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደ እውነተኛ ግንብ ጡቡ ከጡብ የተቆላለፈ ግድግዳ ቆሞ አገኘች።

ከግድግዳ ወደ ሰው ተሻገረ። ከሺህ ዓመት በኋላ የምትነግሥ ሴት ልሠራ ነው አለ፤ ጥቁር፣ አንገተ ረጅም፣ ሹሩባዋ እንደ አንቴና የቆመ፣ ከኮከብ ኮከብ የምትበርበት ክንፍ ያላት። ችግሩ ጡቡ ነበር። መጫወቻ የሚያመርቱ ሰዎች ቀይና ቢጫ እንጂ ቡናማ አይወዱም፤ ከአንድ ሳጥን ለዛፍ ግንድ ተብሎ አምስት ስድስት ቢገኝ ነው። ለአንዲት ጥቁር ሴት ፊት ስንት ሳጥን እንደሚፈጅ ያወቀችው የቱንቢ ሚስት ናት። የሌሎች መዋዕለ ሕፃናት ጽዳት ሠራተኞችን እየለመነች ቡናማና ጥቁሩን ትለቅማለች፤ የልጅ ጥርስ ያኘከውን ትለያለች፤ በሳሙና አጥባ በፎጣ ታደርቃለች። አራት ዓመት እንዲህ ሠራች፤ አንድ ቀን እንኳ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ያላት የለም።

በሁለተኛው ዓመት የንግሥቲቱን ፊት ጀመረ። ሽንኩርት እየላጠች ቀና ስትል ቱንቢ አፍጥጦ ያያታል። ጉንጯን አይቶ ወደ ጡቡ ይመለሳል፤ አገጯን አይቶ ሁለት ጡብ ይነቅላል።

«ወደ መስኮቱ ዙሪ» ይላታል። ትዞራለች።

«አትሳቂ።» አትስቅም።

ይህች ሴት በትዳሯ ሁለተኛ ምርጫ መሆኗን ታውቃለች። ቱንቢ ያጨው ታላቅ እህቷን ነበር። እህቷ ለሠርጓ ሁለት ወር ሲቀራት ታማ ሞተች፤ ዓመት ሳይሞላ ቤተሰቡ «እሷም ያው ልጃችን ናት» ብሎ ታናሺቱን ሰጠው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩ በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም፤ ከሆዷም ወጥቶ አያውቅም። አሁን በስተርጅና ይህ ሰው ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቃተው። ደስ አላት። በአምሳ ሦስት ዓመቷ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ቅባት መቀባት ጀመረች። ማን ናት ብላ ልትጠይቀው ቃሉ አፏ ላይ ይመጣና ትውጠዋለች። ራሱ ይናገር። «አንቺ ነሽ» ይበላት እንጂ የሠላሳ አንዱን ዓመት ስድብ ሁሉ ልትተውለት ቆርጣለች።

ወሬው ሙዚየም ደረሰ። መነጽር ያደረገች አንዲት ወጣት መጥታ ንግሥቲቱን ዞራ ዞራ አየቻት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አፍሮፊውቸሪዝም ነው፤ የጥቁር ሕዝብ መጪ ዘመን የሚታይበት ጥበብ» አለችው።

«ስሙ ከሐውልቱ ይረዝማል» አለ ቱንቢ፤ ያን ቀን ግን ጨው አልበዛበትም። አርባ ዓመት ሕንፃ ሲገነባ ስሙን የጻፈለት አልነበረም፤ አሁን ሙዚየሙ ንግሥቲቱን ወስዶ ሲያቆማት ከሥሯ ሊጻፍ ነው። ለጉዞው በማጣበቂያ ትጠንክር ሲባል እያንዳንዷን ጡብ አጣበቀ።

የመውሰጃው ቀን አራት ሰዎች አንሥተዋት በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ክንፏ አያልፍም። በጎን ሞከሩ፣ አጋድመው ሞከሩ፣ አላለፈችም። አርባ ዓመት ለሰው በር ሲለካ የኖረ ሰው የራሱን ሳይለካ ቀርቷል። ግድግዳው እንዳይናድ ቤቱ የኪራይ ነው። ክንፉ እንዳይቆረጥ ቱንቢ እንደ ልማዱ ክንፉን ከደረቷ ጋር አቆላልፎ ገንብቶታል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይፈርሳል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የድሮ የሥራ ጓደኛው፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ጭንቅላቷ ይበቃናል ጋሼ» አለች የሙዚየሟ ልጅ።

ቱንቢ ፊቱ ጠቆረ። «ሁላችሁም ውጡልኝ» አለ። «አንቺ ቅሪ።»

በዚህም እንኳ ደስ አላት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተጋደመችውን ንግሥት ጭንቅላት ታቀፈች፤ ቱንቢ የብረት መጋዙን አንገቷ ላይ አኖረ። ቡናማ ብናኝ ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። የባልና ሚስቱ ፊት ስንዝር አይራራቅም። አንገቱ ግማሽ ሲደርስ አላስችላት አለ።

«አንተ፣ ዛሬ እንኳን ንገረኝ። ይቺ ማን ናት?»

መጋዙን አላቆመም። «ማን ትሆናለች? እህትሽ ናታ።»

«እኔን እያየህ አልነበረም እንዴ የሠራሃት?»

«መልኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ፎቶ የላትም፤ አንቺ ደግሞ ትንሽ ትመስያታለሽ። የሚመስለውን ካንቺ ወሰድኩ፣ የቀረውን አስተካከልኩት።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አጥብቀሽ ያዢ፣ ሊላቀቅ ነው።»

አጥብቃ ያዘች። ጭንቅላቱ ከነክብደቱ ጭኗ ላይ ዐረፈ።

«ይዘሽላቸው ውጪ» አላት። «እንዳትጥያት ደግሞ።»

ታቅፋ ወጣች። የሙዚየሟ ልጅ ልትቀበላት እጇን ዘርግታ፣ አንዴ ጡቡን አንዴ እሷን አየችና ፈገግ አለች።

«እትዬ፣ እርስዎን እኮ ነው የምትመስለው።»

«አይ ልጄ፣ እህቴ ናት» አለች የቱንቢ ሚስት፣ እጇ ላይ እያስቀመጠችላት።