ከማንጎው ዛፍ ሥር የተበላው ቅንጬ

መምህርት ትርንጎን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ደወል ሳይደወል ወደ ትምህርት ቤታችን በር ይምጣ። የጋምቤላ ፀሐይ ሥራ የምትጀምረው በማለዳ ነው፤ ትርንጎ ግን ትቀድማታለች። በሩ ላይ ቆማ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እየጨበጠች ታስገባለች። እጁ የሚያተኩስ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ፊቱ ያበጠ ቢሮዋ ይጠራል፣ አፉ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ደግሞ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ አፍንጫዋ ሥር ይቀመጣል። እኔ የሒሳብ መምህሩ በሪሁን ይህን ነገር «የጉምሩክ ፍተሻ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። እሷ ስቃ ታልፈኛለች። ልጅ ከተበላሸ በኋላ ያለው ሥራ የፖሊስ ነው፣ የመምህር ሥራ ከዚያ በፊት ነው ትላለች።

የተወለደችው አቦቦ አካባቢ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ገበሬዎች ቤት ነው። አባቷ እስከ ዛሬ በቆሎ ያርሳሉ። ከአኙዋ ልጆች ጋር ስላደገች ቋንቋቸውን አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ዓሣ ስትጠብስም ያያት ደገኛ ነች አይልም። መምህራን ኮሌጅ ተምራ እዚሁ ከተማ ተመደበች። «እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ» ስትል እውነቷን ነው። ነገር ግን አገሬን አውቃለሁ የሚል ሰው መጠየቅ ይተዋል፤ ስህተቷም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባል ክበብ አቋቋመች። ዋናው ሥራው ጨዋታ ነው። አንዱ ልጅ ሲጋራ የሚጋብዝ ጎረምሳ ይሆናል፤ ሌላው ጓደኝነቱን ሳያጣ እምቢ ማለትን ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ ያልሳቀ መምህር አልነበረም። እኔ በበኩሌ ከአርጩሜ ሌላ መድኃኒት አለ ብዬ አላምንም ነበር። ይሁንና ልጆቹ መንገድ ላይ ሲጋራ ሲጋበዙ የተለማመዱትን ቃል በቃል ሲደግሙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ አፌን ይዣለሁ።

የምገባ ፕሮግራም ሲጀመር ከሁላችንም በላይ የተደሰተችው ትርንጎ ነበረች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ያደገ ሰው ማዕድ የማያስታርቀው ጠብ ያለ አይመስለውም። ሰባተኛ ክፍል ላይ በየሰፈሩና በየቋንቋው መቧደን በዝቶ ስለነበር፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ ወንዱንም ሴቱንም፣ የዚህንም የዚያንም ቀላቅላ አስቀመጠቻቸው። እየዞረችም ታጎርሳለች። ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ፤ እኛም አጨበጨብን።

ብዙም ሳይቆይ ከትሪው ዙሪያ ወንዶች ይጎድሉ ጀመር። የምሳ ደወል ሲደወል በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር ሾልከው ወደ ባሮ ዳርቻ ይወርዳሉ። የሚመራቸው ታንግ ነው፤ ድንበር ላይ ካለችው ከማታር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚማር፣ ከእኩዮቹ በጭንቅላት የሚበልጥ፣ ዝምተኛ የኑዌር ልጅ። ወንዙ ዳር ጀልባ የሚያጥቡ ጎረምሶች አሉ፤ ካርታው፣ ሲጋራውና አረቄው የእነሱ ነው። አንድ ቀን ከታንግ ጋር የሄደ ትንሽ ልጅ እየተንገዳገደ ተመልሶ ክፍል ውስጥ አስመለሰ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንዶሰን የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ጠራ። ታንግ መባረር አለበት አለ። ልጁ ከተባረረ ወደ ማታር ይመለሳል፤ ከአጎቶቹ ጋር ድንበር ለድንበር ሲነግድ ይኖራል እንጂ ዳግመኛ ደብተር እንደማይይዝ ሁላችንም እናውቃለን። አክስቱም ይህንኑ እያለች ቢሮው ደጃፍ ላይ አለቀሰች።

ትርንጎ ውሳኔው ለማግስቱ እንዲያድር ለመነች። በምሳ ሰዓት መንገዱን የምታውቀውን የክፍሉን አለቃ ሩሐማን አስከትላ ወደ ባሮ ወረደች። ያየችውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ልጆቹ ዓሣ ጠብሰው ከበው ይበላሉ። ሁለቱ ብቅ ሲሉ ሁሉም ዓሣውን ቅጠል ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ታንግ አፉ ውስጥ የገባውን አያኝከው አይውጠው፣ እንዲሁ ቀረ። ትርንጎ የሰረቁት ነገር ያለ መስሏት ዙሪያውን ፈተሸች። አረቄ ያለበት ጠርሙስ ከድንጋይ ሥር አገኘችና ደፋችው። ትምህርት ቤት የሞቀ ምሳ እያለ እዚህ ምን አመጣችሁ ብላ ጠየቀች።

ሩሐማን ባጃጅ እንድታስቆም ወደ አስፋልቱ ላከቻት። ልጅቷ ከዓይን ስትርቅ ታንግ የያዘውን ዋጠና ተናገረ።

«ቲቸር፣ አንቺ እናት ነሽ፣ ላንቺ እነግራለሁ። እኔ አሁን ትልቅ ነኝ። ሴት ልጅ እያየችኝ አልበላም። አንቺ ሴቶች መሃል አስቀመጥሽኝ፣ በእጅሽም አጎረስሽኝ። እነሱ አዩ። እኔ አፈርኩ።»

ትርንጎ ከወንዙ ስትመለስ ቀጥታ የሄደችው ወደ ስፖርት መምህራችን ወደ ጃል ነው። እሱም ኑዌር ነው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው፤ ጃል ገና ሳትጨርስ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እነሱ ዘንድ ወንድ ልጅ ጎልመስ ሲል ዘመዱ ባልሆነች ሴት ፊት መብላት ነውር ነው አላት። ከተማ ያደጉት ብዙዎቹ ትተውታል፤ ከማታር በቅርብ የመጣ ግን አንገቱ ቢቆረጥ አያደርገውም። እኔ እዚያው ቆሜ ስሰማ ሌላ ነገር ገባኝ። ጃል ስንት ዓመት ሙሉ ምሳውን ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ዘግቶ ሲበላ፣ እኔ ቆጣቢ ነው እያልኩ አሽሟጥጠው ነበር። ታዲያ ለምን አልነገርከንም ስንለው ያለን አንድ ነገር ነው።

«በፍቅር ያቀረባችሁትን ማዕድ እንዴት ነውር ነው ልበላችሁ?»

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወንዶሰን ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ሲጣስ ያመዋል። ልጁ አጥር ሾልኳል፣ አረቄ ቀምሷል፣ ታናናሾቹን አስከትሏል አለ። ሐሰት የለበትም። ትርንጎ ተነሳች። እሷ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን ለመስማት ወንበራችንን ማስጠጋት ነበረብን።

«አረቄውን እኔም አልምርለትም» አለች። «በሽንቁሩ ያስወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ሲወጣ ርቦት ነበር፤ አረቄው ውጭ ቆሞ ጠበቀው። ከማባረራችሁ በፊት ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቁሙልኝ።»

ቆምን። ሴቶቹ ትሪያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ተቀላቅሎ መብላት የለመደና የማይከብደው እዚያው ቀረ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ማንጎው ሥር ደግሞ ሌላ ትሪ ተዘረጋ፤ ቅንጬውን ተሸክማ ያቀረበችው ራሷ ትርንጎ ናት። ታንግ ውሳኔውን ሊሰማ ከአክስቱ ጋር መጥቶ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከሱ ጋር ይሾልኩ የነበሩት ልጆች ትሪውን ከበው ቆመዋል፤ እጁን የሚሰድ የለም። ሁሉም የሚያዩት ታንግን ነው።

ትርንጎ ዘወር ብላ ፊቷን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ አደረገች። ይህች ከልጅ ላይ ዓይኗን ነቅላ የማታውቅ፣ በር ላይ ቆማ የስንቱን እጅ የምትፈትሽ ሴት፣ ጀርባዋን ሰጥታ የተላጠ ቀለም ስታይ ቆመች። እኔ በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲከበር አላየሁም።

ታንግ ተነሳ። ከቧንቧው እጁን ታጠበ። ከትሪው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ለትንንሾቹ ቦታ አመላከታቸው፣ ከዚያም መጀመሪያ ዘግኖ ጎረሰ። ልጆቹ ተሻሙ።

«በላ?» አለች ትርንጎ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እየበላ ነው» አላት ከልጆቹ አጠገብ የቆመው ጃል።

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከመስኮቱ ሆነን አየን። አክስቲቱም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ወንዶሰን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ልጁ በማስጠንቀቂያ ይቆይ፣ ሽንቁሩንም እሱ ይጠብቅ አለ። ሌባን በር ጠባቂ አደረግኸው ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀልኝም።

ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ታንግ አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው። በክበቡ ጨዋታ ላይ አረቄ የሚጋብዘውን ጎረምሳ ሆኖ የሚሠራው እሱ ነው፤ አሠራሩ እውነት ስለሚመስል እሱን እምቢ ያለ ልጅ ወንዙ ዳር ማንንም እምቢ ይላል። የአጥሩ ቆርቆሮ በጀት የለም ተብሎ እስካሁን አልተጠገነም፤ ሾልኮ የሚወጣ ግን የለም። ትርንጎ በሩ ላይ መጨበጧን አልተወችም። ከሌላ ቦታ የመጣ አዲስ ልጅ ሲያጋጥማት ግን እናንተ ዘንድ እንዴት ነው ብላ ሳትጠይቅ ወደ ውስጥ አታሳልፈውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ለማንጎው ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። በየቀኑም ሳትዞር «በሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ጃል ከልጆቹ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጦ፣ ጉንጩ ሙሉ እንደሆነ፣ «እየበላን ነው» ይላታል።